ያገለገለ ኤስዩቪ ፍሬንና ኤቢኤስ፦ ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከተመረተ 11 ዓመት ሆኖት፣ 168 ሺህ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የገዛሁትን አንድ ኤስዩቪ ነው። በእኔ እጅ በሁለት ዓመት ውስጥ 31 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጨምሮበታል። ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ወንበሩ ምቾትና ስለ ነዳጅ ፍጆታው የማነሣው የለኝም፤ በእነዚህ ሁሉ መኪናው ከጠበቅሁት አላነሰም። የምጽፈው ስለ ፍሬኑና ከፍሬኑ ጋር ተሳስሮ ስለሚሠራው ኤቢኤስ (በድንገት ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ብቻ ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም፤ ያጋጠሙኝ ችግሮች በዚህ ዕድሜና በዚህ ክብደት ላይ ባሉ መኪኖች ሁሉ የሚታዩ ናቸውና።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። የዚህ መኪና ፍሬን በሚገባ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ዲስኮቹ ሰፊ ናቸው፣ የፊት ካሊፐሮቹ (የፍሬን ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫኑት ክፍሎች) ጠንካራ ናቸው፣ የኤቢኤሱ ዋና ክፍል እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። የደከመው ዳር ዳሩ ነው፦ የጎማውን ፍጥነት የሚያነቡት ሴንሰሮች የተቀመጡባቸው ቀዳዳዎች፣ ከጎማ ጋር አብረው የሚንቀሳቀሱት ገመዶች፣ የካሊፐር ተንሸራታች ፒኖች፣ ለዓመታት ያልተቀየረው የፍሬን ዘይት። እነዚህ ሁሉ በቀላል ሥራ የሚስተካከሉ ሆነው ሳለ፣ አላዋቂ እጅ ከገባባቸው ግን ያለጥፋቱ ትልቁን ዕቃ ያስቀይራሉ። በእኔ ላይ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ይኸው ነበር።

ባዶውን ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ፣ ወለሉ ከፍ ያለ መኪና ከትንሽ የቤት መኪና የተለየ ፍሬን ይጠይቃል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዱት ምንም ጉድለት የማያሳይ ፍሬን በ100 ሲጠየቅ ድካሙ ሊገለጥ ይችላል። ያገለገለ ኤስዩቪ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን የሚሞክረው በመንደር ውስጥ በቀስታ እየነዳ ነው። እኔም እንዲሁ አደረግሁ፤ ፍሬኑም በዚያ ፍጥነት ደኅና መሰለኝ።

በግዢው ዕለት ያለፈኝ ሌላ ነገር ከዚህ ይበልጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ምንም የማስጠንቀቂያ መብራት አለመኖሩን አይቼ ተደሰትሁ። መታየት የነበረበት ግን መብራቱ መጥፋቱ ብቻ አልነበረም፤ ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ የኤቢኤሱ ቢጫ መብራት ለጥቂት ሰከንድ መብራትና ከዚያ በኋላ መጥፋት ነበረበት። ሥርዓቱ ራሱን የሚፈትሸው በእነዚያ ሰከንዶች ነው። በእኔ መኪና ላይ የስታቢሊቲ ኮንትሮሉ (መኪናው ከመስመሩ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ሥርዓት)፣ የዘይቱና የባትሪው መብራቶች ሲበሩ የኤቢኤሱ ቦታ ጨለማ ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን ያስተዋልሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሆን፣ ዳሽቦርዱ ተከፍቶ ሲታይ በመብራቱ ላይ ከኋላ በኩል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎበት ተገኘ። ማን እንደለጠፈው አላውቅም፤ ከእኔ በፊት መኪናው ከአንድ ሰው በላይ ተፈራርቆበታል። ይህ አሳዛኝ ድርጊት ነው፤ መብራቱን የሚሸፍን ሰው የሚደብቀው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በዝናብ ላይ በድንገት ፍሬን የሚይዝን ቤተሰብ ያለ ማስጠንቀቂያ ይተዋል።

ስለ መብራቶቹ ትርጉም አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ሲበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ የሚጠፋው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚደረገው ጥበቃ ነው። ቢጫው ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብሮ ሲበራ ግን ነገሩ ይከብዳል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የፍሬኑን ኃይል የሚያከፋፍለው ሥራ ሊቋረጥ ስለሚችል የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው ሊቆለፉና መኪናው ሊዞር ይችላል፤ ወይም የፍሬን ዘይቱ ራሱ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ መኪናውን አቁሞ ማስጎተት እንጂ ቀስ ብሎ ወደ ቤት መድረስ አይመከርም።

አሁን ወደ መጀመሪያውና እጅግ ብዙ ወዳስተማረኝ ችግር ልለፍ። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ቀስ ብዬ ለመቆም ስል፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ከሞተሩ ክፍል የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፣ መኪናውም ይቆማል ካልሁበት ቦታ አልፎ አንድ ክንድ ያህል ይንሸራተታል። እግረኛ በሚያቋርጥበት ቦታ አንድ ክንድ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የስህተት ኮድ አልተመዘገበም። መኪናውን መጀመሪያ ያሳየሁበት ጋራዥ ባለሙያ ኮምፒውተሩን አገናኝቶ ምንም ኮድ ሲያጣ፣ የኤቢኤሱ ሞጁል (ኮምፒውተሩ) እና ፓምፑ በአንድነት መቀየር እንዳለባቸው በእርግጠኝነት ነገረኝ። ኮድ ስላልተገኘ ጥፋቱ በዋናው ሞጁል ውስጥ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበረው። አስተሳሰቡ የተገለበጠ ነበር፤ ሞጁሉ ኮድ ያልመዘገበው የሚደርሰውን መልእክት አምኖ በትክክል ስለሠራ ነው። የተሳሳተው መልእክቱ ነበር።

የዛሬው ዓይነት ኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስ በብዛት በሚመረት መኪና ላይ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ቦሽ ሠርቶት በመርሴዲስ ቤንዝ ኤስ ክላስ ላይ ተገጥሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ እጅግ አንሷል፣ እጅግም ፈጥኗል፤ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ያው ነው፦ ከአራቱ ጎማዎች የትኛው ከሌሎቹ ቀድሞ መዞሩን ሊያቆም ነው? ይህን ለማወቅ በየጎማው አጠገብ ያለውን ሴንሰር ያዳምጣል። በእኔ መኪና ላይ ያለው ቀደምተኛው ዓይነት ሴንሰር ነው፤ በውስጡ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለው፣ ከፊቱ ጥርሳማ የብረት ቀለበት ይዞራል፣ ጥርሶቹ ባለፉ ቁጥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ሞገዱ ጎማው በፈጠነ መጠን ይጎላል፣ በዘገየ መጠን ይደክማል። በሴንሰሩ ጫፍና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህች ክፍተት ላይ ነው።

ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ብረት ውኃና ጭቃ ሲለዋወጥበት ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሴንሰሩን ከሥሩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋዋል። ብሎኑ እንደታሰረ ነው፣ ከውጭ ሲታይም ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ክፍተቱ ግን ሰፍቷል። በፍጥነት ሲነዳ ሞገዱ ጠንካራ ስለሆነ ይህ ችግር አይፈጥርም። መኪናው ሊቆም ሲቃረብ ግን የዚያ ጎማ ሞገድ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩም ሦስቱ ጎማዎች እየዞሩ አንዱ እንደቆመ ያያል። ይህ ለእርሱ የተቆለፈ ጎማ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ተግባሩን ይፈጽምና የዚያን ጎማ ፍሬን ይለቃል። ሥርዓቱ አልታመመም፤ ተታልሏል።

ይህን ያስረዱኝ በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው ረጋ ያለ አንድ መካኒክ ናቸው። ኮድ ፍለጋ አልጀመሩም፤ ስካነሩን (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ) የአራቱን ጎማዎች ፍጥነት በአንድ ጊዜ እንዲያሳይ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡና «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ቀስ ብለህም ቁም» አሉኝ። ሦስቱ ቁጥሮች 9፣ 8፣ 7 እያሉ አብረው ሲወርዱ የፊት ግራው ከ8 በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ወደቀ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ላይ ወደቀ። ከዚያ ሴንሰሩን በጥንቃቄ አወጡት፤ የተቀመጠበትን ገጽ ከዝገት አጸዱ፤ የቀለበቱን ጥርሶች በብሩሽ ጠረጉ፤ በተጋለጠው ብረት ላይ ዝገት የሚከላከል ቅባት በስሱ ቀብተው መለሱት። ምንም አዲስ ዕቃ አልተገዛም፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አልዘለለም። ከዚያ በኋላ በዝግታ ስቆም ፔዳሉ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ለጥንቃቄ ያህል፣ በእንዲህ ዓይነት ዕድሜ ላይ ያለ ሴንሰር በዝገት ተጣብቆ ሲወጣ ሊሰበር ስለሚችል፣ ሥራው ሳይጀመር ምትክ የሚገኝበትን ማወቅ ይበጃል።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ ከሞጁሉ የሚቀበልና ጎማው ቆሞ ሊባል በሚችል ፍጥነት ሲዞር እንኳ በግልጽ የሚያነብ ነው። በብዙዎቹ ላይ ጥርሳማው ቀለበት ቀርቶ ማግኔታዊ ቀለበት በኩሽኔታው መዝጊያ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ይህ ለውጥ ጥሩ ቢሆንም የራሱን ስህተት አምጥቷል፤ ማግኔታዊው ገጽ ከተራው የኩሽኔታ መዝጊያ በዓይን በቀላሉ አይለይም፣ ስለዚህ ኩሽኔታው ተገልብጦ ሲገባ ጎማው ያለ ድምፅ ይዞራል፣ የኤቢኤሱ መብራት ግን አይጠፋም። ኩሽኔታ ከተቀየረ በኋላ መብራት የበራበት ሰው ሴንሰር ከመግዛቱ በፊት ይህን ያስፈትሽ። ኩሽኔታው በተበላበት ጊዜም የጎማው ውዝዋዜ ክፍተቱን እየቀያየረ መብራቱን አንድ ጊዜ ሊያበራው፣ አንድ ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል። በፍጥነት ሲነዳ ከጎማ አካባቢ የሚሰማ ጉምጉምታ ካለ ምንጩ አንድ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር በስምንተኛው ወር መጣ። ሦስት መብራቶች በአንድ ጊዜ በሩ፦ የኤቢኤስ፣ የስታቢሊቲ ኮንትሮልና የጎማ መሽከርከርን የሚቆጣጠረው። ሦስት መብራት ሦስት ብልሽት ማለት አይደለም፤ ሦስቱም ከእነዚያው አራት ሴንሰሮች ስለሚመገቡ አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ሥራ ያቆማሉ። በዚህ ጊዜ ኮድ ነበረ፤ ሲ0050 የሚል፣ በብዙ መኪኖች ላይ የኋላ ቀኙን ጎማ ሴንሰር የሚያመለክት። ሲ0035 የፊት ግራ፣ ሲ0040 የፊት ቀኝ፣ ሲ0045 የኋላ ግራ ነው። ነገር ግን ኮዱ የሚናገረው ከዚያ አቅጣጫ የሚጠበቀው መልእክት አለመድረሱን ብቻ ነው፤ ሴንሰሩ ይሙት፣ ገመዱ ይቆረጥ፣ ቀለበቱ ይሰንጠቅ፣ መሰኪያው ውኃ ይግባበት አይለይም። የእኔው ገመድ ነበር። ከአካሉ ወደ ጎማው በሚሻገርበት፣ መኪናው በተወዛወዘ ቁጥር በሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ልባሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል። የተገኘውም በሜትር እየተለካ ገመዱ በእጅ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ንባቡ እየጠፋ እየተመለሰ ስላስቸገረ ነው። ይህ የኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ልኬት ግን ለቀደምተኛው ዓይነት ሴንሰር ብቻ የሚሆን ነው፤ በአዲሱ ዓይነት ላይ የኦም ሜትር ትርጉም ያለው ንባብ አይሰጥም፣ በውስጡ ያለውን ኤሌክትሮኒክስም ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለውን ገመድ በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል አይበቃም፤ በሚታጠፍ ቦታ ላይ የተቀጠለ ሽቦ ብዙ አይቆይም። ከነገመዱ የሚመጣውን ሴንሰር አስቀየርሁ።

ዋናው ሞጁል ፈጽሞ አይበላሽም ለማለት አይደለም። የፓምፑ ሞተር ይደክማል፣ በሰርኪዩቱ ላይ ያሉ ብየዳዎች ከዓመታት ሙቀትና ንዝረት የተነሣ ይሰነጠቃሉ፣ ያኔም መብራቱ ሞተሩ ሲሞቅ በርቶ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የተሰነጠቀ ብየዳ በሠለጠነ እጅ እንደገና ሊበየድ ይችላል። ነገር ግን እዚያ ከመድረስ በፊት ፊውዙ፣ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማብሪያ)፣ ከሻሲው ጋር የሚያያዘው የምድር ሽቦ እና ባትሪው መታየት አለባቸው። የፓምፑ ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ፣ የደከመ ባትሪ ወይም የዛገ የምድር ሽቦ ልክ እንደ ተበላሸ ሞጁል ሆኖ ይታያል። ሞጁል ይቀየር የሚል ባለሙያ ይህን ሁሉ ለክቶ ያገኘውን ቁጥር ሊያሳይ ይገባዋል፤ ቁጥር ከሌለው ግምት ነው።

የሻሲ ቁጥሩን ይዞ የፋብሪካ ጥሪ (ፋብሪካው ጉድለት ያለባቸውን መኪኖች ለጥገና የሚጠራበት ማስታወቂያ) መኖር አለመኖሩን ማጣራትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሂዩንዳይና ኪያ በአሜሪካ ገበያ ከ3 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን የጠሩት በዚሁ በኤቢኤሱ ክፍል ምክንያት ነበር፤ የፍሬን ዘይት ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ውስጥ ሊያፈስ፣ ሾርት ሊፈጥርና መኪናው ቆሞ እያለ እንኳ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ጥገናው እስኪደረግ ድረስ ባለቤቶች መኪናቸውን ከቤት ርቆ በውጭ እንዲያቆሙ ተነግሯቸው ነበር። ከተጠሩት ውስጥ ብዙ ኤስዩቪዎች ነበሩ። ያገለገለ መኪና ከአገር አገር ሲዘዋወር እንዲህ ያለው ጥሪ ከኋላው ይቀራል፤ አዲሱ ባለቤት ካልፈለገው የሚነግረው ላይኖር ይችላል።

ስለ ኤሌክትሮኒክሱ ይህን ካልሁ፣ የበለጠ ክብር ወደሚገባው ወደ መደበኛው ፍሬን ልመለስ። ኤቢኤስ የፍሬንን ኃይል ይቆጣጠራል እንጂ አይፈጥርም። የፍሬን ሸራው ካለቀ፣ ካሊፐሩ ከተጣበቀ ወይም ዘይቱ ከፈላ ምንም ዓይነት ኮምፒውተር መኪናውን አያቆመውም። በእኔ መኪና ላይ ደግሞ ኤቢኤሱ ዝም ባለበት ጊዜ ከሁሉ የከፋው ብልሽት ያለ ምንም መብራት በኋላ ቀኝ ጎማ ላይ ነበር።

የታወቀው በሙቀት ነው። ከረጅም ጉዞ መልስ፣ ፍሬን ብዙም ሳልይዝ ቆይቼ፣ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር አራቱን ዲስኮች ስለካ የኋላ ግራው 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሳይ የኋላ ቀኙ 148 አሳየ። ጎማው ሲወልቅ የውስጠኛው ሸራ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወርዶ የውጭው 7 ነበረ። ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት ሲኖርበት አንደኛው ፒን ቅባቱ ደርቆ በዝገት ተይዟል፤ ስለዚህ ፍሬኑ ሲለቀቅም ሸራው ከዲስኩ አልላቀቅ ብሎ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን እየታሸ ተጉዟል። አብዛኛው ሰው የሸራውን ውፍረት የሚያየው በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል የሚታየው ደግሞ የውጭው ብቻ ነው። በእኔ መኪና ላይ የሚታየው ደኅናው ነበር። ሸራ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መቀየር አለበት፤ ሲቀየርም በአንድ ጎማ ብቻ ሳይሆን በአንድ መስመር ላይ ባሉት በሁለቱም ጎማዎች ነው። ፒኖቹ ወጥተው ተጠርገው ለፍሬን ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችልና ላስቲክን የማይበላ ግሪስ መቀባት አለባቸው። ማንኛውም የተገኘ ግራሶ አይሆንም፤ የነዳጅ ዘር ያለው ቅባት የፒኑን የጎማ ልባስ ያሳብጠውና ችግሩን ይመልሰዋል።

ከካሊፐር ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሳት ሌላ ምክንያት ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ነው። የፍሬን ቱቦ ከውስጥ ሲላጥ ዘይቱ በእግር ኃይል ተገፍቶ ወደ ካሊፐሩ ይገባል፣ ሲለቀቅ ግን ተመልሶ አይወጣም። ጎማው ይይዛል፣ ይሞቃል፣ መኪናውም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ብሎን ሲላላ ጎማው ወዲያው ነጻ ከሆነ ግፊት ተይዞ እንደነበር ይታወቃል፤ ያኔ ቱቦውን መጠርጠር ነው። እኔ አራቱንም ቱቦዎች በአንድ ጊዜ ቀየርሁ፤ ከውጭ በተሰነጣጠቀ የ11 ዓመት ቱቦ ላይ የሚጠበቅ ነገር አልነበረምና።

በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ፍሬን ሲያዝ መሪውና ፔዳሉ የሚርገበገቡበት ሁኔታ ከኤቢኤስ ንዝረት ጋር መምታታት የለበትም። የኤቢኤሱ ፈጣንና ሻካራ፣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚመታ ነው፤ ይህኛው ከጎማው ዙር ጋር የሚሄድ፣ መኪናው ሲዘገይ አብሮ የሚዘገይ ነው። በተለምዶ «ዲስኩ ተጣሟል» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሆነው የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ ነው፤ ከሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ያህል ልዩነት በእግር ይታወቃል። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ዲስኩ የሚያርፍበት ገጽ ሳይጠረግ መገጠሙ ወይም የጎማ ብሎኖቹ ያለ ልክ መጥበቃቸው ነው። ዲስክ በቶርኖ ተልጦ ሊስተካከልም የሚችለው ሊወርድ የማይገባው ዝቅተኛ ውፍረት በራሱ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ያንን እስካላለፈ ድረስ ብቻ ነው። የእኔ የፊት ዲስኮች ዝቅተኛ ልካቸው 26 ሲሆን 26.3 ሚሊ ሜትር ላይ ስለነበሩ በቶርኖ ከማስተካከል ይልቅ አስቀየርኋቸው። አዲስ ዲስክና ሸራ ሲገጠም በመጀመሪያው ቀን በኃይል አይያዝም፤ ከመካከለኛ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ደጋግሞ በልዝብ እያዘገዩ፣ በየመካከሉም እያቀዘቀዙ ማላመድ ያስፈልጋል።

የፍሬን ዘይቱን በተመለከተ ይህ መኪና ሲደርሰኝ ዘይቱ ቡና መስሎ ጠቁሮ ነበር። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ውኃ በገባበት መጠን የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲፈላ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ደግሞ ከ155 እንዳይወርድ መመዘኛው ያዝዛል፤ ለዶት 3 ቁጥሮቹ 205 እና 140 ናቸው። በረጅም ቁልቁለት ላይ የከባድ መኪና ፍሬን ይህን ሙቀት ሊነካ ይችላል፣ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከዚህም በላይ እርጥበቱ በኤቢኤሱ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ቫልቮች ከውስጥ ያዝጋል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ከሁሉ ያነሰ ወጪ ያለው ጥበቃ ነው። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ግን ከስሙ መቀራረብ የተነሣ እንደ ተሻለ ተቆጥሮ ኤቢኤስ ባለው መኪና ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከሌሎቹም ጋር አይቀላቀልም። የመሪ ወይም የሞተር ዘይት በስህተት ከተጨመረ ደግሞ በሥርዓቱ ውስጥ ያለ የጎማ ዕቃ ሁሉ ያብጣል፣ መድኃኒቱም ዕቃውን ሁሉ መቀየር ይሆናል።

ዘይት ከተቀየረ ወይም ቱቦ ከተፈታ በኋላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ሆኖ ከቀረ፣ አየር በኤቢኤሱ ክፍል ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል። በተለመደው መንገድ፣ አንዱ ፔዳል እየረገጠ ሌላው ብሎን እየከፈተ፣ ያ አየር ላይወጣ ይችላል፤ በስካነር ትእዛዝ ፓምፑና ቫልቮቹ እንዲሠሩ እየተደረገ መውጣት አለበት። በእኔ ላይ ቱቦዎቹ በተቀየሩ ጊዜ ይህ ደረሰ። ሁለት ጊዜ በእግር ተሞክሮ ያልተስተካከለው ፔዳል በስካነሩ በአንድ ጊዜ ጠነከረ።

የፔዳሉ ጠባይ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሞተሩ ሳይነሣ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ረግጦ፣ እግርን ጫን እንዳደረጉ ሞተሩን ሲያስነሡ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት፤ ካላለ እግርን የሚያግዘው ሰርቮ ወይም የቫኩም ቱቦው ታሟል፣ ፔዳሉም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በተቃራኒው መኪናው ቆሞ ፔዳሉ እንደተያዘ ቀስ በቀስ ከሰመጠ፣ ውጭ የሚታይ ፍሳሽም ከሌለ፣ የፔዳሉን ግፊት ወደ ዘይቱ የሚያስተላልፈው ማስተር ሲሊንደር ዘይቱን በውስጡ እያሳለፈ ነው። የእኔ በሁለቱም በኩል ደኅና ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዕድሜው አንጻር ይህን እንደ ትልቅ ብርታት እቆጥርለታለሁ።

ጎማንም ሳላነሣ አላልፍም። ሻጩ አራት የተለያዩ ጎማዎች አድርጎበት ነበር፤ ሁለቱ ከሌሎቹ በግልጽ ያነሱ ነበሩ። ያነሰ ጎማ በተመሳሳይ ፍጥነት ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር ኮምፒውተሩ የማይስማሙ ቁጥሮች ይደርሱታል። አራቱም ጎማዎች በሚነዱበት ኤስዩቪ ላይ ደግሞ በመካከል ያለውን ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለውን ማርሽ) ያለ ፋታ ያሠራዋል። አራት እኩል ጎማ ከተገጠመ በኋላ አልፎ አልፎ ይበራ የነበረው የስታቢሊቲው መብራት ሌላ ጥገና ሳይደረግ ጠፋ።

ዛሬ መኪናው እንዴት ይቆማል? በእርጥብ አስፋልት ላይ፣ ሰው በሌለበት ቦታ፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ፔዳሉን እስከ ታች ረግጬ ሞክሬዋለሁ። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እየተያዘም መሪውን ስጠመዝዝ ይታዘዛል፤ የኤቢኤስ ትልቁ ስጦታ ይህ መታዘዙ ነው። በልቅ ጠጠር ላይ ግን የማቆሚያው ርቀት ይረዝማል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ እየከመረ ራሱን ሲያቆም፣ የሚዞር ጎማ ያንን ክምር አያገኝም። በጠጠር መንገድ የሚነዳ ሰው ከኤቢኤሱ ጋር ከመታገል ይልቅ ርቀቱን ቀደም ብሎ ማስፋት አለበት። ፔዳሉ ሲንቀጠቀጥ ደንግጦ እግርን ማንሣትም ሆነ እንደ ድሮው እየደጋገሙ መርገጥ ትክክል አይደለም፤ ተጭኖ መያዝ ነው።

ከመግዛት በፊት ይህን መኪና እንደገና እንድመረምር ቢፈቀድልኝ፣ ቁልፉን አዙሬ መብራቶቹን አንድ በአንድ አያለሁ፤ ከዚያ ስካነር አገናኝቼ ኮዶቹን ብቻ ሳይሆን የአራቱን ጎማዎች ፍጥነት እስከ መቆሚያው ድረስ እከታተላለሁ፤ ሁሉንም ጎማዎች አስወልቄ የውስጠኛውን ሸራ እለካለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ነድቼ የአራቱን ዲስኮች ሙቀት አነጻጽራለሁ። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በዚህ ምርመራ ያለፈ መኪና ከሆነ ኤቢኤሱ ያረጀ መሆኑ ሊያስፈራ አይገባም፤ ሻጩ ምርመራውን ከከለከለ ግን ሌላ መኪና መፈለግ ይሻላል።

አሁንም ያልተዘጋ አንድ ጉዳይ አለ። የፊት ግራው ሴንሰር መቀመጫ እንደገና መዝገት ጀምሯል፤ ባለፈው ወር ቁጥሮቹን ስከታተል የዚያ ጎማ ንባብ ከሌሎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ4 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወደ ዜሮ ሲወርድ አየሁት። ኤቢኤሱን ለማነሣሣት ገና አልደረሰም። በሚቀጥለው የጎማ ማዘዋወር ቀን ሴንሰሩ ይወጣል፣ መቀመጫው ይጠረጋል፣ እንደገናም ይለካል።